ከኮሮጆው በፊት ጓዳው

የካቲት 15 ቀን 2010 ዓ.ም. የገዢው ግንባር የኢሕአዴግ አባል የሆነው የኦሮሚያው ድርጅት፣ የኦሕዴድ ማዕከላዊ ኮሚቴ ሁለት ሰዎችን ወንበር አቀያየረ። ሊቀ መንበሩ አቶ ለማ መገርሳ ምክትል ሆኑ፤ ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ሊቀ መንበር ሆኑ። በዚያ ሰሞን በሰው ሁሉ አፍ የነበረው የለማ ስም ነበርና ዜናው ብዙዎችን ግራ አጋባ። እኔ ባለሁበት ሰፈር አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ስንከራከር፣ ባለቤቷ ብርጭቆ እያጠበች «ሰውዬው ምን አጥፍተው ነው?» ብላ ጠየቀችን። ከአራታችን አንዳችንም ትክክለኛውን መልስ አልሰጠናትም። አንዱ ተገፍተው ነው አለ፤ ሌላው ታመው ነው አለ።

ሰውዬው ምንም አላጠፉም። አቶ ለማ የጨፌ ኦሮሚያ፣ ማለትም የክልሉ ምክር ቤት፣ አባል እንጂ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል አልነበሩም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 73 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው ይላል። ዶክተር ዐቢይ ከ2002ቱ ምርጫ ጀምሮ በዚያ ምክር ቤት ወንበር ነበራቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ ካስታወቁ ገና ሳምንቱ ነበር። ኦሕዴድ የራሱን ሰው ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ሊያቀርብ ከሆነ፣ ሊቀ መንበሩ ፓርላማ ውስጥ መገኘት ነበረበት። የአገሪቱ መሪ ማን እንደሚሆን ከወሰኑት ነገሮች አንዱ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በ2007ቱ ምርጫ ማን ለየትኛው ምክር ቤት ተወዳድሮ እንደነበር ነው።

ስለ ሥልጣን ስንነጋገር የምንጠቀምባቸው ቃላት ትልልቅ ናቸው፤ ሕዝብ፣ ትግል፣ ለውጥ፣ ታሪክ እንላለን። ወደ ሥልጣን የሚያደርሰው መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለች ቀጭን የደንብ ቀዳዳ ያልፋል። ስብሰባው ላይ ስንት ሰው ተቀምጧል? እያንዳንዱን ማን ላከው? ለማሸነፍ ስንት ድምፅ ይበቃል? ለዕጩነትስ የሚበቃው ማን ነው? እነዚህን ያወቀ ሰው፣ የመሪዎቹን ንግግር ሲሰማ ከሚውለው ይልቅ ነገ የሚሆነውን ቀድሞ ያያል።

ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መውረድ ወዲህ ይህችን አገር የመሩት ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የተለዩት በጓዳ ነው። ኮሮጆው የመጣው ኋላ ነው፤ የመጣውም ለማጽደቅ ነው። ሕዝቡ ምንም አልሠራም ለማለት አይደለም፤ ሕዝብ በር ያንኳኳል፣ አንዳንዴም ገንጥሎ ይጥላል። በተገነጠለው በር ማን እንደሚገባ የቆረጡት ግን በዚያ ሰዓት ጓዳው ውስጥ የተገኙት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

ደርግን እንይ። ቃሉ ራሱ ኮሚቴ ማለት ነው። በ1966 ዓ.ም. ተማሪው፣ መምህሩና የታክሲ ሾፌሩ አደባባይ ወጡ፤ ወታደሩም ከነገሌ ጀምሮ በየጦር ሰፈሩ አመፀ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወደቀ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። ይህ ሁሉ አደባባይ ላይ የታየ ነው። ጓዳው የተከፈተው ሰኔ 21 ቀን አዲስ አበባ አራተኛ ክፍለ ጦር ግቢ ውስጥ ነበር። ከየጦር ክፍሉ የተላኩ፣ ቁጥራቸው 120 ይባል የነበረ ወታደሮችና መኮንኖች ተሰበሰቡ። አንድ ደንብም ነበራቸው፦ ተወካይ የሚሆን ሰው ማዕረጉ ከሻለቃ አይበልጥም። ጄኔራሎቹና ኮሎኔሎቹ ከቤተ መንግሥት ጋር የተነካኩ ናቸው ተብለው አልተፈለጉም። ይህች የማዕረግ ጣሪያ የደርግ አንቀጽ 73 ነበረች ማለት ይቻላል። ከሐረር ሦስተኛ ክፍለ ጦር የተላኩት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሻለቃ ነበሩ፤ በልኩ የተቆረጠ ደንብ ገጠማቸው።

ስብሰባው ግን ንጉሡን ካወረደ በኋላ በርዕሰ ብሔርነት ለሕዝብ ያሳየው መንግሥቱን አልነበረም፤ የደርግ አባል ያልሆኑትን፣ በሠራዊቱ የተከበሩትን ጄኔራል አማን አንዶምን አመጣ። እሳቸው ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ተገደሉ፤ በዚያው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ የንጉሡ ባለሥልጣናትና ሌሎች እስረኞችም ተረሸኑ። ቀጥሎ የተቀመጡት ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ጥር 26 ቀን 1969 ዓ.ም. በደርግ ግቢ ውስጥ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ ከፊታቸው ሌላ ሰው ማስቀመጥ አላስፈለጋቸውም።

ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙውን ጊዜ ስለ አንድ ሰው ጭካኔ ብቻ እናወራለን። እኔን የበለጠ የሚያስገርመኝ የአካሄዱ ቅደም ተከተል ነው። እርስ በርሱ የማይተማመን ጓዳ መጀመሪያ የሚመርጠው ጠንካራውን ሰው አይደለም፤ ሁሉም የሚያከብረውን ወይም ማንም የማይፈራውን ነው። ጠንካራው ከጀርባ ሆኖ ይቆጥራል። ማን ከማን ጋር እንደሆነ፣ የትኛው የጦር ክፍል የማን እንደሆነ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ቆጠራው ሲሞላለት ብቅ ይላል።

ኢሕአዴግ የገባው በጦርነት ነው፤ ይህን ማንም አይስተውም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ታንክ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ይዞ አልመጣም። ታንኩን ከላከው ድርጅት ውስጥ ማን እንደሚመራ የሚቆረጠው በጥቂት ሰዎች ስብሰባ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ከኤርትራ ጦርነት ማግስት የግንባሩ የትግራይ ድርጅት ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ አገሩ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ የጠበቀው ሚሊዮን መራጮችን አልነበረም፤ መቀሌ ላይ የተቀመጠ የአንድ ድርጅት ማዕከላዊ ኮሚቴን ነበር። አቶ መለስ ዜናዊ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ተረፉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ታገዱ፣ አንዳንዶቹም ታሰሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጥቂት እጆች በሌላ በኩል ቢወጡ ኖሮ የቀጣዩ አሥር ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ከምርጫ ቦርድ ማንም አይጠየቅም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። አቶ መለስ ለፓርላማ የሚወዳደሩት በዓድዋ ነበር። ስለዚህ የእሳቸው ስም ያለበት የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚሰጠው ለዓድዋ መራጭ ብቻ ነው። የጅማ፣ የጎንደርና የጂጂጋ መራጭ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በስም መርጦ አያውቅም፤ ስማቸው ወረቀቱ ላይ የለምና። ይህ የኢትዮጵያ ጉድለት ብቻ አይደለም፤ የፓርላማ ሥርዓት የሚከተሉ አገሮች ሁሉ ጠባይ ነው። መራጩ የሚሰጠው ለወንበር ነው። ወንበሮቹ ተቆጥረው ብዙ የያዘው ድርጅት መንግሥት ይመሠርታል። ድርጅቱን የሚመራውም መንግሥትን ይመራል። ሕዝቡ ድርጅቱን መርጦ ይሆናል፤ ድርጅቱ ግን ሊቀ መንበሩን የመረጠው ሕዝቡን ጠርቶ አይደለም።

ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. አቶ መለስ ሲያርፉ ይህ በጉልህ ታየ። ሕገ መንግሥቱ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሌለ ጊዜ ተክቶት እንደሚሠራ ይናገራል፤ ሲሞትስ ወንበሩን ይወርሳል ወይ ለሚለው ግልጽ መልስ የለውም። መልሱን የሰጠው የኢሕአዴግ ምክር ቤት ነው። መስከረም 5 ቀን 2005 ዓ.ም. አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝን ሊቀ መንበር አደረገ፤ መስከረም 11 ቀን ፓርላማው አጸደቀ። አገሪቱ ከወር በላይ ቃለ መሐላ የፈጸመ ጠቅላይ ሚኒስትር አልነበራትም፤ በዚያ ወር ውስጥ የተደረገው ንግግርና ድርድር ሁሉ በዝግ ቤት ነበር።

ለምን አቶ ኃይለማርያም? በችሎታ ነው የሚል አለ፤ የሃይማኖት ሰው ስለሆኑ ነው የሚልም አለ። የእኔ ግምት ከላይ ካነሣሁት ይከተላል። የእሳቸው ድርጅት፣ የደቡቡ ደኢሕዴን፣ ከግንባሩ አራት ድርጅቶች በትጥቅ ትግሉ ያልነበረ፣ የራሱ ታጋይ ጄኔራሎች የሌሉት ነው። አቶ ኃይለማርያምም ከአርባ ምንጭ የመጡ የውሃ መሐንዲስና የኮሌጅ መምህር ነበሩ። ሕወሓት፣ የአማራው ብአዴንና ኦሕዴድ ዓይን ለዓይን በሚተያዩበት ክፍል ውስጥ ማንንም የማያስፈሩት እሳቸው ነበሩ። ወደ ወንበሩ ያወጣቸው ይኸው ነው። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ ያወረዳቸውም ይኸው ነው፤ ሲጨንቅ ከኋላቸው የሚቆም የራሳቸው ኃይል አልነበረም።

አሁን ወደ 2010 እንመለስ፤ ስሌቱ የሚያምረው እዚያ ነውና።

የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት። አራቱ ድርጅቶች እያንዳንዳቸው 45። የሕዝብ ብዛት እዚያ አይቆጠርም፤ የትግራይ 45 ከኦሮሚያ 45 ጋር እኩል ነው። ሶማሌ፣ አፋር፣ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ሐረሪ ደግሞ አንድም ድምፅ የላቸውም። ድርጅቶቻቸው «አጋር» ይባላሉ፤ ፓርላማ ውስጥ ከግንባሩ ጋር ድምፅ ይሰጣሉ እንጂ መሪው በሚለይበት ክፍል አይገቡም። ከሁለት ዓመት በላይ በኦሮሚያ፣ ቀጥሎም በአማራ ክልል የተነሣው ተቃውሞ መንገድ ሲዘጋ፣ ከሚኒያፖሊስና ከዋሽንግተን አካባቢ የሚተላለፉ የዳያስፖራ ቴሌቪዥኖች በየቤቱ ሲሰሙ፣ ሁሉም ጫና መጨረሻ ላይ የሚያርፈው በእነዚህ 180 ሰዎች ላይ ነበር።

ከእነዚህ ውስጥ አብላጫ ለማግኘት የአንድ ድርጅት 45 አይበቃም። ሁለት ድርጅት ከገጠመ 90 ነው፤ ልክ ግማሽ። ጥቅምት 2010 ዓ.ም. አቶ ለማ የኦሮሚያን ልዑክ ይዘው ባሕር ዳር ሄደው «ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው» ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ፣ ብዙ ሰውም አለቀሰ። እኔም ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም። ነገር ግን አንድ ብአዴን የነበረ ወዳጄ በዚያው ሰሞን «አንተ ንግግሩን ትሰማለህ፤ እኛ አርባ አምስቱን እንቆጥራለን» አለኝ። ሳቅኩበት። ከአምስት ወር በኋላ ትክክል እንደነበረ አየሁ።

በመካከሉ ግንባሩ ለሁለት እንደተከፈለ የሚያሳይ አንድ ቀን ነበር። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ሊያጸድቅ ተሰበሰበ። አዋጁ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ የነበሩት አባላት 539 ስለሆኑ ከ359 በላይ ማለት ነው። አፈ ጉባኤው ውጤቱን ሲያነቡ የደገፉት 346፣ የተቃወሙት 88፣ ድምፀ ተአቅቦ 7 ናቸው አሉ፤ አዋጁም ጸድቋል ተባለ። ካልኩሌተር የያዘ ሁሉ ቁጥሩ አልሞላም ብሎ ጮኸ። ጥቂት ቆይቶ ደጋፊዎቹ 346 ሳይሆኑ 395 ናቸው የሚል ማስተካከያ ወጣ። ቆጠራው እንዴት 49 ሰው እንደሳተ ያስረዳ አልነበረም። እኔን ግን ከ49ኙ ይልቅ 88ቱ ያስገርሙኛል። ይህ ሁሉም ወንበር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ እጅ የነበረ ፓርላማ ነው። ውሳኔ ከላይ ወርዶ እጅ በሚወጣበት አዳራሽ ውስጥ 88 ሰው «አይሆንም» ሲል፣ ከጓዳው የሚወርደው ትእዛዝ መድረስ አቁሟል ማለት ነው።

መጋቢት 18 ቀን ማታ የ180ው ምክር ቤት የሊቀ መንበር ምርጫ ውጤት ወጣ። ዶክተር ዐቢይ 108፣ የደኢሕዴኑ አቶ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ የሕወሓቱ ዶክተር ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2። ደምሩት፤ 169 ነው። የብአዴኑ ሊቀ መንበር አቶ ደመቀ መኮንን ከዕጩነት ራሳቸውን አግልለው ነበር። እሳቸው ባይወጡ ኖሮ የብአዴን ድምፅ ለራሱ ሰው መሄዱ አይቀርም ነበር፤ ሦስት ድርጅቶች ሦስት ዕጩ ይዘው ሲፋጠጡ ደግሞ ውጤቱ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። ኦሕዴድና ብአዴን አንድ ሰው ሳይጎድልባቸው ለዶክተር ዐቢይ ሰጥተዋል ብንል እንኳ 90 ነው፤ የቀሩት 18 ከሌሎቹ መምጣት ነበረባቸው። መቶ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት አገር አቅጣጫ የተቀየረው በዚህ ድምር ነው። ከስድስት ቀን በኋላ መጋቢት 24 ፓርላማው ቃለ መሐላ አስፈጸመ። ያኔ ያለቀሰውና የጨፈረው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ድምፅ የሰጠ ግን አንድም አልነበረበትም።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ እንዳይመስል ደቡብ አፍሪካን ላንሣ፤ ያውም የዚያኑ የየካቲት ሳምንት። ጃኮብ ዙማ የለቀቁት አቶ ኃይለማርያም መልቀቃቸውን ከማስታወቃቸው አንድ ቀን ቀድመው ነው። አቶ ኃይለማርያም በቴሌቪዥን በተናገሩበት የካቲት 8 ቀን ኬፕታውን ላይ ሲሪል ራማፎዛ በፓርላማ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። እዚያም የወሰነው መራጩ ሕዝብ አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት በጆሃንስበርጉ ናስሬክ በተደረገው የገዢው ፓርቲ የኤኤንሲ ጉባኤ ራማፎዛ 2,440፣ ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ 2,261 ድምፅ አግኝተው ነበር። በ179 ድምፅ ልዩነት ፓርቲው ተገለበጠ፤ ከፓርቲው ጋር አገሩም። ዙማን ያወረዳቸው ይኸው ፓርቲያቸው ነው፤ እሳቸውም ታቦ ምቤኪን ያስወረዱት በዚሁ መንገድ ነበር።

ጓዳ በሁለቱም አገር አለ። ልዩነቱ የጓዳው ስፋትና የመስኮቱ መጠን ነው። ናስሬክ ላይ ከ4,700 በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቷል፤ አብዛኞቹም ከየቅርንጫፉ ተመርጠው የመጡ ናቸው። የትኛው ክፍለ አገር ለማን እንዳዘነበለ ጋዜጦች ከወራት በፊት ጀምረው ይቆጥሩ ነበር፤ የተከራከረው ቅርንጫፍም ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። እኛ ዘንድ የ180ው ስብሰባ ስንት ቀን እንደሚፈጅ እንኳ የምንሰማው ከወሬ ነበር። በእንግሊዝ ደግሞ በ2022 እ.ኤ.አ. ሊዝ ትረስን ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጓቸው 81,326 የፓርቲያቸው አባላት ናቸው፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ወረዱ። ጓዳው ስለሰፋ መሪው ይሻላል ማለት እንዳልሆነ ይህ ይበቃል።

ታዲያ ምርጫ ምንድን ነው የሚሠራው? ወንበር ያድላል። አንድ የምርጫ ክልል አንድ ተመራጭ አለው፤ ከሌሎቹ በአንድ ድምፅ የበለጠ ያልፋል፤ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም። በአንድ ክልል 10,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። ገዢው ፓርቲ 4,000 ቢያገኝና የቀረውን 6,000 ሦስት ተቃዋሚዎች እኩል ቢካፈሉት ወንበሩ የገዢው ፓርቲ ነው፤ ስድስት ሺሑ ሰው ቤቱ ይገባል። ተቃዋሚዎቻችን በየምርጫው ስለ መተባበር ሲያወሩ የሚውሉት ለወጉ አይደለም፤ ስሌቱ ስለሚያስገድዳቸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ወሬው ሳይሠራ የዕጩ ምዝገባው ይዘጋል።

በ1997 ዓ.ም. የሠራላቸው ይኸው መተባበር ነው። አራት ድርጅቶች ቅንጅት ሆነው፣ ሌሎቹም ኅብረት ሆነው ገቡ። ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ በሰው ተሞላ፤ ግንቦት 7 ቀን ሰው ጎህ ሳይቀድ ተሰለፈ። የኢሕአዴግ የንብ ምልክት በነበረበት ወረቀት ላይ አዲስ አበቤው የቅንጅትን ሁለት ጣት አየ። ከተማዋ ለፓርላማ ካሏት 23 ወንበሮች ሁሉም ወደ ተቃዋሚ ሄዱ፤ ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ኮሮጆው ብቻውን ሥልጣን የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ይሰጥ ነበር። የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ተሰናባቹ ፓርላማ አጀንዳ ለማስያዝ 20 አባላት ይበቁበት የነበረውን ደንብ ከግማሽ በላይ ድምፅ ወደሚጠይቅ ቀየረ፣ ክርክሩ ወደ ጎዳና ወጣ፣ ሰው ሞተ፣ የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ፣ ከተማዋን ቅንጅት ሳይረከባት ቀረ። የአጀንዳውን ደንብ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። እኔ ግን ከዚያ ዓመት ትምህርት ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ፤ ሽንፈት የሸተተው ገዢ መጀመሪያ የሚነካው ጠመንጃውን ሳይሆን የስብሰባ ሥነ ሥርዓቱን ነው።

በ2002 ከ547 ወንበሮች ለተቃዋሚና ለግል ተወዳዳሪ የተረፉት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ2007 ሁለቱም ጠፉ። በ2007 ግንቦት መቶ በመቶ ያሸነፈ ድርጅት በዚያው ዓመት ማግስት በኅዳር ወር የኦሮሚያ ተቃውሞ ሲነሣ ከፓርላማ አንድም የሚያስጠነቅቀው ድምፅ አላገኘም። ወንበር ሁሉ የራስ ሲሆን ተቃውሞ የሚወጣበት ቦታ ጎዳናው ብቻ ይሆናል።

መሪ ከገባ በኋላ የሚሠራው ሥራ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በገባበት በር ሌላው እንዳይገባ መቀርቀሪያ ያስገባል። መንግሥቱ ያነገሣቸውን ኮሚቴ ራሳቸው አሟሙተው በ1977 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲን (ኢሠፓን) መሠረቱ። አቶ መለስ ከ1993 በኋላ ማዕከላዊ ኮሚቴው ዳግም እንዳያስፈራራቸው አድርገው አደራጁት። ዶክተር ዐቢይም በ180ው ምክር ቤት ገቡ፤ ከስድስት ወር በኋላ ሐዋሳ ላይ ከ177 ድምፅ 176 አገኙ። ከ108 ወደ 176 መሄድ ብዙ ይናገራል። ኅዳር 2012 ላይ ግንባሩ ራሱ ቀረና ብልጽግና መጣ። አርባ አምስት፣ አርባ አምስት የሚባለው ድልድል ጠፋ፤ በዚያ ድልድል እኩል ድምፅ የነበረው ሕወሓት አልገባም ብሎ ቀረ።

ለብልጽግና ፍርድ ስንሰጥ ሁለት ነገር አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። አምስቱ አጋር ድርጅቶች ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ በሚመረጥበት ክፍል ገቡ። የሶማሌና የአፋር ሰው ለሃያ ስምንት ዓመት በር ላይ ቆሞ ነበርና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል፣ በአራት እኩል እግር የቆመ ግንባር መሪውን ማውረድ የሚችልበት ስሌት ነበረው፤ ሁለት ድርጅት ተስማምቶ ሦስተኛውን ትንሽ ከሳበ ይበቃል። 2010 የሆነው ይኸው ነው። ወጥ በሆነ ፓርቲ ውስጥ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ በቀላሉ አይገኝም። አንድነት የሚባለው ነገር መሪውን ከስሩ የሚነቀንቀውንም መገጣጠሚያ ይዞ ይሄዳል። ለመሪው ምቹ ነው፤ ለድርጅቱ ምቹ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ፤ ስህተት ሲሠራ ማስቆሚያው የት እንዳለ አይታየኝምና።

ምርጫው ኋላ መጣ። ነሐሴ 2012 ሊደረግ የነበረው በኮሮና ተራዘመ፤ ትግራይ በራሷ ጳጉሜን 4 ቀን መረጠች፤ ክርክሩ ወደ ጦርነት ተጠጋ። ሰኔ 2013 በተቀሩት አካባቢዎች ሲመረጥ፣ በመጀመሪያው ዙር ከታወቁት 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 ወሰደ። መሪው ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

እንግዲህ የመስከረም 2014ቱ ፓርላማ የአምስት ዓመት ዘመኑን እየጨረሰ፣ ስለ ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ በየቦታው ሲወራ፣ ሰው የሚጠይቀኝ ብልጽግና ስንት ወንበር ያገኛል የሚለውን ነው። እኔ የምጠብቀው ሌላ ነገር ነው። የዕጩዎች ዝርዝር ሲወጣ ከፍ ያሉትን የፓርቲ ሰዎች አንድ በአንድ አያለሁ፦ የትኛው ክልል ፕሬዚዳንት ለክልል ምክር ቤት ተመዘገበ፣ የትኛው ሚኒስትር ለፌዴራሉ? ለክልል የተመዘገበ ሰው ምንም ቢወደድ፣ በቀጣዮቹ አምስት ዓመታት ክፍት ቦታ ቢገኝ ዕጩ መሆን አይችልም። ፌዴራል ላይ በጸጥታ የተመዘገበ፣ ስሙን ገና የማናውቀው ሰው ግን ይችላል። ሻይ ቤት ስንቀመጥ ዝርዝሩን ይዤ መሄዴ አይቀርም፤ በዚህ ጊዜ እንኳ የሴትዮዋን ጥያቄ ሳልመልስ ልቀር አልፈልግም።